አጥሩ ስንት ክንድ ነው?



ስለ ሽርሽር መጻፍ ከቁም ነገር የራቀ ሊመስል ይችላል። ለእኛም እንደዚያው መስሎን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ቤተሰባችንን ይዘን ወደ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ስንነሳ፣ ማረፊያ መምረጡ የአንድ ምሽት ሥራ ነው ብለን ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በሦስቱ ሳምንት ስለ ማረፊያ ከተማርነው ይልቅ ስለ ገዛ ልጃችን የተማርነው በልጦ ስላገኘነው፣ ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅም ይሆናል ብለን ይህችን ጽሑፍ ልከናል።

እኛ ባልና ሚስት ሁለታችንም መምህራን ነን። ደሴ ተወልደን፣ ጠዋት መደበኛ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስን ያደግን፣ ዛሬ ለንደን የምንኖር፣ የሠላሳዎቹን ዕድሜ ወደ መጨረሱ የተቃረብን ሰዎች ነን። አላህ ሁለት ልጆች ሰጥቶናል፤ የ11 ዓመት ሴትና የ5 ዓመት ወንድ። ያን ጊዜ የአንዳችን እናት ከደሴ ሊጠይቁን መጥተው አብረውን ነበሩ። ለሁለታችንም እናት ስለሆኑ በዚህ ጽሑፍ እናታችን እንላቸዋለን።

ትልቋ ልጃችን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውሃ የማይጠግባት ልጅ ነበረች። በእንግሊዝ አገር አንድ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ቢያንስ 25 ሜትር መዋኘት እንዲችል ሥርዓተ ትምህርቱ ያዛል፤ እሷ ይህን በዘጠኝ ዓመቷ አልፋው ነበር። ሒጃብ መልበስ ከጀመረች ወዲህ ግን ዋናውን ቀስ በቀስ ተወችው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ለአንድ ቀን ወደ ባሕር ስንወስዳት ካፖርቷን እንደለበሰች አሸዋው ላይ ተቀምጣ ዋለች። ምነው ብንላት «በርዶኛል» አለችን። የዕለቱ ሙቀት 26 ዲግሪ ነበር። እኛም አድጋለች፣ ጨዋ ሆናለች ብለን አለፍነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሐያእ ያላት ልጅ በማሳደጋችን ደስ ብሎን ነበር።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ይህችው ልጅ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ለጥቅምቱ የመንፈቅ ዕረፍት የምንከራየው ሎጅ ጃኩዚ ያለው ይሁንልኝ አለች።

ጃኩዚን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጽ። አራት ወይም ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ገንዳ ነው። ውሃው በኤሌክትሪክ ይሞቃል፣ በፓምፕ እየተገፋም ከጎንና ከሥር ይፍለቀለቃል። ስሙ የቤተሰብ ስም ነው። ጃኩዚ የተባሉ ወንድማማቾች ከጣሊያን ወደ አሜሪካ ተሰደው በካሊፎርኒያ የውሃ ፓምፕ ይሠሩ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከእነሱ አንዱ፣ ካንዲዶ የተባለው፣ የመገጣጠሚያ በሽታ ያሠቃየው ለነበረው ትንሽ ልጁ በቤት ገንዳ ውስጥ ውሃውን እያፍለቀለቀ ሰውነቱን የሚያሽለት ፓምፕ ሠራለት። ዛሬ የቅንጦት ምልክት የሆነው ነገር ከጅምሩ አባት ለታመመ ልጁ ያደረገው ጥረት ነበር ማለት ነው። ይህን ግን ያወቅነው በኋላ ነው። መጀመሪያ የታየን ቅንጦቱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጃችን ስትጠይቀን፣ መምህራን ነንና፣ ረጅም ትምህርት ሰጠናት። ስለ ኢስራፍ ነገርናት። ጃኩዚ ባለውና በሌለው ሎጅ መካከል በሳምንት የ290 ፓውንድ ልዩነት እንዳለ በወረቀት ጽፈን አሳየናት። ያን ሰሞን ደግሞ በልጅነታችን የቀራንበት መድረሳ ጣሪያው እንደሚያፈስ ሰምተን ለቆርቆሮ መግዣ እንልካለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። «በ290 ፓውንድ ስንት ቆርቆሮ ይገዛል?» ብለን ጠየቅናት። ልጅቷ አልተከራከረችም። «እሺ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እኛም ያሸነፍን መስሎን ሻይ ቀዳን።

እናታችን ግን ነገሩን አልተዉትም። «ፍል ውሃ ነው እንዴ የጠየቀቻችሁ?» አሉን። አይደለም፣ ከቧንቧ የሚቀዳ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ነው አልናቸው። «ታዲያ የተጣደ ውሃ ነው በሉኛ!» ብለው ሳቁ። እሳቸው የጉልበት ሕመም ስላለባቸው አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ፍል ውሃ ይገባሉ፤ እቴጌ ጣይቱ ወደውት በአጠገቡ በመስፈራቸው እ.ኤ.አ. በ1886 ለከተማዋ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ያው ፍል ውሃ። «እዚያ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ስለምታጠብ ነው የምወደው» ይሉ ነበር።

ያን ምሽት ወደ ልጅቷ ክፍል ገብተው ቆዩ። ሲወጡ «ለምን እንደፈለገችው ጠይቃችኋታል?» አሉን። አልጠየቅናትም ነበር። ዋጋውን ነገርናት፣ ኢስራፉን ነገርናት፣ ቆርቆሮውን ነገርናት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅናትም። «ማንም የማያየኝ ውሃ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ ነው ያለችኝ» አሉን።

ሁለታችንም ያ ካፖርት ትዝ አለን። እኛ ሐያእ ብለን የተደሰትንበት ነገር ከፊሉ ጭንቀት ኖሯል። ልጃችን ሒጃቧን አልጠላችም፤ ውሃውንም አልጠላችም። ሁለቱ አብረው የሚሆኑበት ቦታ ነበር ያጣችው። ያንን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ ሥራ ሳይሆን የወላጆቿ ሥራ ነበር። በየትምህርት ቤቱ የሰው ልጅ «ለምን ዝም አለ?» ብለን የምንጠይቅ መምህራን፣ የራሳችንን ልጅ ዝምታ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ በጎ ጠባይ ስንቆጥር ከርመናል።

የቆርቆሮው ጉዳይ ግን አልተፈታም። አንዳችን «መድረሳው ይቅደም» አልን፤ ሌላኛችን «ልጅቷ ትቅደም» አልን። የፈረዱን እናታችን ናቸው። «የመድረሳው ሐቅ የመድረሳው ነው፤ የልጅቷም ሐቅ የልጅቷ ነው። የአንዱን ዕዳ በሌላው አትክፈሉ። ቀኑን አሳጥሩት» አሉ። ብንሰላው እውነታቸውን ነበር። ጃኩዚ በሌለው ሎጅ ሰባት ሌሊት ከማደር ይልቅ ጃኩዚ ባለው አራት ሌሊት ማደር ይረክሳል። የተረፈውን ለቆርቆሮው ጨመርነው።

ከዚያ ሎጆቹን በስልካችን እያሳየናቸው ሳለ፣ እናታችን ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ አይተው ሲያበቁ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ አጥሩ ስንት ክንድ ነው?» አሉ። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ፎቶግራፎቹ ሁሉ ከገንዳው ወደ ባሕሩ የተነሱ ነበሩ። ከመንገዱና ከጎረቤቱ ወደ ገንዳው ምን እንደሚታይ የሚያሳይ አንድም አልነበረም። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ማረፊያ የምንመርጥበት መንገድ ተለወጠ።

ጊዜው በእኛ ምርጫ አልነበረም። መምህር ከትምህርት ቤት ዕረፍት ውጭ መሄድ አይችልም። ተማሪም ቢሆን በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ ከቀረ፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ቢከፈል እንኳ በእያንዳንዱ ወላጅ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሁሉ በአንድ ሰሞን ይወጣሉ፣ ዋጋውም ይወጣል። ሆኖም ጥቅምት ለእኛ ከነሐሴ ይሻላል። ኪራዩ ዝቅ ይላል፣ ሶላቱም ይቀናል። በዚያ አገር በሰኔ ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ስለማትጠልቅ ዒሻእ እኩለ ሌሊት ሊጠጋ ይችላል፤ ልጅ ይዞ መጠበቁ አድካሚ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ግን መግሪብ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ገብቶ ዒሻእ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ይሰገዳል።

ቦታው በዌልስ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ቴንቢ በተባለች ትንሽ የባሕር ከተማ አካባቢ እንዲሆን ተስማማን። ከለንደን በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሎጆች ለውድድር ቀረቡ።

የመጀመሪያው ከሁሉም ረከሰ፣ ለባሕሩም ከሁሉም ቀረበ። ደውለን ገንዳው የተከለለ መሆኑን ስንጠይቅ «እንግዶቻችን ሁሉ እይታውን ይወዱታል» ተባልን። እይታው የማን እንደሆነ ገባንና አመስግነን ዘጋን። ሁለተኛው የተከለለ ነበር። ለእንግዳ መቀበያ በሚያስቀምጡት ቅርጫት ውስጥ የወይን ጠጅ ጠርሙስ እንዳለ አነበብን፤ እንዲያነሱልን ብንጠይቅ ያለ አንዳች ማንገራገር እሺ አሉን፣ በምትኩ ጭማቂ እናስቀምጣለን አሉን። አንባብያን ሆይ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለን ሰው ሳይሆን የራሳችን ሐፍረት ነው። ይሁን እንጂ ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚወጣው በደረጃ ስለነበረ ለእናታችን ጉልበት አልሆነም። ሦስተኛው ከባሕሩ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ይርቃል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ነገር ግን ሁሉም ክፍል ምድር ላይ ነው፣ አጥሩም ከሰው ቁመት ይበልጣል። «ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ ወደ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሱልን» ብለን ጠየቅናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው እንደማያውቅ ነግረውን እየሳቁ ላኩልን። ሳንቃ ብቻ ነበር የሚታየው። እሱን መረጥን።

ይህ ጭንቀት የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ታላቅ ሥራቸው ስለ ጠሃራ በጻፉበት ክፍል የሐማምን አገባብ ዘርዝረዋል። የራስን ዐውራ ከሰው ዓይን መጠበቅን፣ የራስንም ዓይን ከሌላው መመለስን ግዴታ አድርገው ያስቀምጣሉ። ውሃ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይፈስ ያሳስባሉ። ለሐማሙ ባለቤት ዋጋውን ከመግባት በፊት መክፈል እንደሚገባም ይመክራሉ። መድረሳ ሳለን ይህን ስንሰማ ሐማም የሚባል ነገር አይተን ስለማናውቅ ነገሩ ሩቅ ነበር። ለቴንቢው ሎጅ ቀብዱን ስንከፍል ግን ትዝ ብሎን ሳቅን።

ስለ ጤናም ጠያቂዎች ሆንን። ሊጅኔላ የተባለው የሳንባ ምች የሚያመጣ ተህዋስ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ የጃኩዚ ውሃ ደግሞ ከ40 ዲግሪ የማያልፍ በመሆኑ በትክክል ካልተያዘ ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሆላንድ ውስጥ በቦቨንካርስፐል ከተማ በተደረገ የአበባ ትርኢት ላይ ለእይታ ከቀረበ ጃኩዚ በተነሣው በዚህ በሽታ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ «ውሃው እንግዳ በተለወጠ ቁጥር ተደፍቶ፣ ገንዳው ታጥቦ እንደገና ይሞላል ወይ? ክሎሪኑን ማን ይለካል? ስንት ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ። በትክክል የሚሠራ ባለቤት በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ መዝገቡን ያሳያል። ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይገባም። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ። ጤነኛም ቢሆን ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በላይ አይቆይ። እናታችን ግፊት ስላለባቸው ሐኪማቸው እግራቸውን ብቻ እንዲነክሩ ፈቀደላቸው።

ሰኞ ዕለት አመሻሽ ላይ ደረስን። ዕቃችንን ሳናወርድ አጥሩን ዞረን አየነው። እውነትም ረጅም ነበር። ገንዳው ጋ ቀና ስንል ግን ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ቤት ፎቅ ኖሮት፣ መስኮቱ በቀጥታ ወደ ገንዳው ይመለከታል። ሦስት ሳምንት ጠይቀን፣ ከመንገድ በኩል ፎቶግራፍ አስነስተን፣ ከላይ በኩል መጠየቅ ረስተን ነበር። ልጅቷ መስኮቱን አየች፣ እኛን አየች፤ እንደዚያን ቀኑ «እሺ፣ ምንም አይደል» አለች። ያ «እሺ» አንጀታችንን በላው።

እናታችን ጋቢያቸውን አውጥተው በአጥሩና በበረንዳው ምሰሶ መካከል ሊወጥሩት ሞከሩ። የባሕር ነፋስ ነውና ጋቢው እንደ መርከብ ሸራ ተነፍቶ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ቆም ብለው አሰቡና «መብራቱን የሚያበራው ማነው?» አሉ። እኛ ነን አልናቸው። «ታዲያ አጥፉታ! ሌሊት ከዚህ ጋቢ ይሰፋል» አሉ።

ዒሻእን ሰግደን መብራቱን ሁሉ አጠፋን፤ የገንዳውን የውስጥ መብራት ጭምር። ማንም አዳልጦት እንዳይወድቅ አንዲት የእጅ ባትሪ ወደ መሬት አዙረን ደረጃው ሥር አስቀመጥን። በተራ እንዲሆን ተስማምተን ነበርና ከእኛ እናትየዋ ከልጅቷ ጋር ወጣች፤ አባትየው ከትንሹ ልጅ ጋር ውስጥ ቀረ። እናታችን እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ እጅጌና እግር ያለው የዋና ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ለቃ ገባች። ሁለት ዓመት ያህል ሰምተነው የማናውቀውን ሳቋን ሰማን። ውስጥ ያለነውም ሰማነው፣ ውጭ ያለነውም ሰማነው። በጀርባዋ ተንጋላ ለአያቷ ኮከብ ትቆጥርላቸው ነበር። 15 ደቂቃው ሞልቶ ሰዓቱ ሲጮኽ «ትንሽ ብቻ፣ አንድ ደቂቃ!» እያለች ስትለምን፣ ከአምስት ዓመት ልጃችን አትለይም ነበር።

ቀን ቀን ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። የዚያ አካባቢ ባሕር ከዓለም እጅግ ከፍ ብሎ ከሚሞላና እጅግ ርቆ ከሚሸሽ ባሕር አንዱ ጋር የሚገናኝ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ፣ ከቴንቢ ፊት ለፊት ወዳለችው ትንሽ ደሴት ሥር በእግር ይደረሳል፤ ሲመለስ ግን ያንኑ መንገድ ውሃ ይውጠዋል። ለዚህ ነው ሰዓቱን የሚያሳየውን ሰሌዳ ሳያነቡ ወደ አሸዋው መውረድ የማይገባው። እናታችን ይህን አይተው «ሱብሐነላህ! ይህ ሁሉ ውሃ ቀጠሮውን አይረሳም» አሉ።

በመጨረሻው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ፈጅርን ሰግደን ፀሐይ ስትወጣ ዳርቻው ላይ ነበርን። ከአንድ ውሻ ይዞ ከሚሄድ ሽማግሌ በቀር ማንም አልነበረም፤ እሱም ርቆ ነበር። ባሕሩ 14 ዲግሪ ያህል ነው፣ ማለት በእርግጥ ይበርዳል። ልጅቷ ካፖርቷን አውልቃ ለአያቷ ሰጠችና እስከ ጉልበቷ ገባች። ጮኸች፣ ወጣች፣ ደግማ ገባች። ለዚህኛው ውሃ ምንም አልከፈልንም።

ወደ ለንደን ስንመለስ በመኪና ውስጥ አንድ ነገር ጠየቀችን። «እኛ ሰፈር ባለው መዋኛ የሴቶች ብቻ ሰዓት አለ እንዴ?» አለች። ስንጠይቅ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ርቀት፣ በጥቂት ፓውንድ። ለዓመታት በደጁ አልፈናል። እንዲህ ያለ ሰዓት በብዙ የብሪታንያ የሕዝብ መዋኛዎች እንዳለ ያወቅነውም ያን ጊዜ ነው። አሁን እናትና ልጅ በየሳምንቱ ይሄዳሉ።

ታዲያ የሎጁ ወጪ ከንቱ ነበር ወይ? አንዳችን «መዋኛውን ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ያ ገንዘብ በተረፈ» እንላለን። ሌላኛችን ደግሞ «ያቺ ሌሊት ባትኖር ልጅቷ ስለ መዋኛው ባልጠየቀችን» እንላለን። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል፤ ልጅ አንድ ነገር ሲጠይቅ ዋጋውን ከመናገራችን በፊት ለምን እንደፈለገው እንጠይቀዋለን።

አገር ቤት ላላችሁ አንባብያን ይህ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ላንጋኖም ሂዱ፣ ሶደሬም ሂዱ፣ ወንዶ ገነትም ሂዱ፣ ጥያቄው ያው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ከውጭ ወደ ውስጥ ምን እንደሚታይ፣ ከጎንም ከላይም ጠይቁ። ለሴቶች የተለየ ሰዓት ወይም ክፍል መኖሩን ጠይቁ። የውሃውን ንጽህና ጠይቁ። ሴት ልጃችሁ ዳር ላይ ተቀምጣ «በርዶኛል» ካለቻችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ እሷን ጠይቁ።

የመድረሳው ጣሪያ ተሠርቷል፣ አልሐምዱ ሊላህ። እናታችን ወደ ደሴ ተመልሰዋል። በየጁሙዓው ስንደውልላቸው ከሰላምታ ቀጥለው ለልጅቷ የሚያቀርቡት ጥያቄ «ዋናውስ?» የሚል ነው። እሷም ስንት ዙር እንደዋኘች ትነግራቸዋለች።